ለጅማ ጭቃና ዳገት የሚሆን የብስክሌት ፔዳል፦ አመራረጥ፣ አገጣጠምና አያያዝ

ከጅሬን ኮረብታ ወደ ከተማው በእግረኛ መንገድ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ ካባራ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የግራ እግሬ ከላስቲክ ፔዳል ላይ ሸርተት ያለው እዚያ ነው። ፔዳሉ ባዶውን ዞሮ መጣና ቅልጥሜን ላጠው። ደሜን በኮባ ቅጠል ጠርጌ ቤቴ ስገባ በአእምሮዬ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከጫማዬ ጋር ተቆልፎ እግሬን ጨርሶ የማይለቅ ፔዳል መግዛት። ገዛሁም። ለዚያ ወቅትና ለዚያ መንገድ የተሳሳተ ግዢ መሆኑን ለመረዳት ግን አንድ ሙሉ ክረምትና ብዙ አወዳደቅ ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፔዳል የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ መልሼ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በመንገድህ ላይ ስንት ጊዜ ከብስክሌትህ ትወርዳለህ? ሰው ፔዳል ሲመርጥ ስለ መርገጥ ያስባል። ከአስፋልት ውጪ ግን የሚፈርደው መውረዱ ነው። ይህ መመሪያም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

1. ስንት ጊዜ እንደምትወርዱ ቁጠሩ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት፣ አሁን ባላችሁ ብስክሌት፣ አዘውትራችሁ በምትሄዱበት መንገድ አንድ ቀን ውጡ። በቀኝ ኪሳችሁ ሠላሳ ፍሬ ቡና ያዙ። እግራችሁ መሬት በነካ ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ግራ ኪስ አዛውሩ። ለማሰብ ጊዜ በማይሰጥ መንገድ ላይ ቁጥርን በቃል መያዝ አይቻልም፤ ሞክሬው ሁልጊዜ ሰባት ላይ ይጠፋብኛል።

እኔ ከኮቺ ተነሥቼ በባሕር ዛፉና በቡናው ጓሮ መካከል አድርጌ ጅሬን ደርሼ ስመለስ፣ በጥር ወር ግራ ኪሴ ውስጥ ያገኘሁት ሦስት ፍሬ ነበር። በዚያው መንገድ በነሐሴ አሥራ ሰባት ሆነ። የሚያስወርደው ጭቃው ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ውኃ የበላው ቦይ አለ፤ ሁለት ግንድ ብቻ የተጋደመበት ድልድይ አለ፤ በእሾህ የታጠረ መግቢያ አለ። በቡና ለቀማ ጊዜ ደግሞ፣ ከጥቅምት አንሥቶ፣ መንገዱ የእናንተ አይደለም። ቀይ ቡና በጆንያ የተሸከመ ሰውና የተጫነ አህያ ሲመጣ ዳር ይዞ መቆም ግድ ነው። ለቀስተኛ ካጋጠማችሁም ከብስክሌት ወርዳችሁ፣ ባርኔጣችሁን አውልቃችሁ ታሳልፋላችሁ። ይህን ሁሉ በውጭ አገር የተጻፈ የፔዳል መመሪያ አይቆጥርላችሁም።

በእኔ ግምት፣ በአንድ ሰዓት ጉዞ ከአምስት ጊዜ በታች የሚወርድ ሰው ከጫማ ጋር የሚያያዘውን ተቆላፊ ፔዳል ቢያስብበት አይከፋም። ከአሥር በላይ ከሆነ መቆለፊያ የሌለውን ጠፍጣፋ ፔዳል ይግዛ፤ ክርክር የለውም። በመካከል ያለው እንደ ልቡ ያድርግ። ስሌቱ የራሴ ነው፤ ከልምድ የመጣ እንጂ ከቤተ ሙከራ አይደለም።

ቆጠራውን ግን በበጋ ብቻ አድርጋችሁ አትተዉ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ዝናቡም በመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘልቃል። ስለዚህ ፔዳላችሁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የሚኖረው በርጥበት ውስጥ ነው።

2. ብስክሌታችሁ የትኛውን ፔዳል እንደሚቀበል እወቁ

ፔዳሉ የሚገባበት ክንድ ላይ ያለው ቀዳዳ ሁለት ዓይነት ስፋት አለው። አብዛኛው የተራራ ብስክሌት 9/16 ኢንች የሚባለውን ይጠቀማል። ሁለቱ ክንዶች ከመካከለኛው ዘንግ ጋር አንድ ወጥ ሆነው ከአንድ ብረት በተሠሩባቸው አንዳንድ ብስክሌቶችና በልጆች ብስክሌት ላይ 1/2 ኢንች ይገኛል። በዐይን ለመለየት ያስቸግራል። የድሮውን ፔዳል ፍቱና ጥርስ የወጣበትን የዘንጉን ጫፍ ውፍረት በማስመሪያ ለኩ፤ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ የመጀመሪያው ነው፣ 12 ተኩል አካባቢ ከሆነ ሁለተኛው። ሰፊውን ወደ ጠባቡ ቀዳዳ "ትንሽ ጠበቅ ብሎ ይገባል" የሚላችሁ ሻጭ ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

3. ጠፍጣፋ ፔዳል ስትመርጡ

ገበያ ላይ ወጥታችሁ ፔዳል ስጡኝ ብትሉ የሚሰጣችሁ በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው፦ ፊኒክስን በመሰሉ የከተማ ብስክሌቶች ላይ የምናውቀው ባለሁለት ላስቲክ፣ ለስላሳ የፕላስቲክ ፔዳል፣ ወይም ዙሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ የቆርቆሮ ፔዳል። የላስቲኩ ለደረቅ ከተማ መንገድ ተስማሚ ነው፤ ጭቃ ከነካው ግን የተጠመደ ወጥመድ ነው። የፕላስቲኩም እንዲሁ። ባለመጋዙ ከሁለቱ ይሻላል፤ ቅር የሚያሰኘው የሚይዘው በጠርዙ ብቻ በመሆኑና ስስ ሶል ያለውን ጫማ እየበላ በመጨረስ ነው።

ለጫካ መንገድ የሚፈለገው ሌላ ነው። ጣቶችን ዘርግቶ እንደተከፈተ መዳፍ ሰፋ ያለ፣ ፊቱ ላይ ትናንሽ ችንካሮች የተተከሉበት ፔዳል። ጥሩ የሚባለው ወርዱም ቁመቱም ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ይዛችሁ እነዚህን ተመልከቱ።

ችንካሮቹን በጣታችሁ ዳሱ። በእያንዳንዱ ፊት ስምንትና ከዚያ በላይ ቢሆኑ፣ ከወለሉም አራት ወይም አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ቢወጡ መልካም ነው። ዋናው ቁም ነገር ችንካሩ የሚፈታ ብሎን መሆኑ ነው። ከፔዳሉ ጋር አብሮ የተቀረጸ ፕላስቲክ ችንካር ሁለት ጊዜ ድንጋይ ከመታ በኋላ ይዶለዱማል፤ ያን ጊዜ መለወጫ የለውም። የሚፈታው ቢጠፋ ሌላ ይተከላል።

ወለሉን እዩ። መካከሉ ከጠርዙ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ፔዳል እግርን ይሰበስባል። መካከሉ ያበጠ ከሆነ ግን ጫማው ጉብታው ላይ ይቀመጥና ችንካሮቹ ሥራ ፈት ይሆናሉ። ብዙ ርካሽ ፔዳል የሚሰናከለው በዚህ ነው፤ ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ አይታይም። ጫማችሁን ላዩ ላይ አስቀምጡና ከጎን ብርሃን በየት በኩል እንደሚያልፍ ተመልከቱ።

በወለሉ ላይ ያሉት ክፍተቶች ሰፋፊ ይሁኑ። የጅማ ጭቃ የሚያጣብቅ ነው፤ ከጫማ ሥር የመጣው ጭቃ በታች የሚወጣበት ቀዳዳ ካላገኘ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ችንካሩን ሁሉ ቀብሮ ፔዳሉን ጡብ ያስመስለዋል።

ስለ ብረቱ ብዙ አትጨነቁ። አሉሚኒየሙ ያምራል፣ ይበረታል፣ ዋጋውም ይሰቅላል። ናይሎኑ ቀላል ነው፤ ድንጋይ ሲመታም ተንሸራትቶ ያልፋል። ባለ ብረት ችንካር ናይሎን ፔዳል ለእኔ ለዚህ አገር የሚስማማው ነው። ዘንጉን ግን በሁለት ጣት ይዛችሁ አዙሩት፤ ሲዞር ቢንገጫገጭ ወይም ወደ ጎን ቢወዛወዝ ኩሽኔታው ገና ከሱቅ ሳይወጣ አልቋል ማለት ነው።

ገንዘቡ ከሌለስ? ባለመጋዙን ቆርቆሮ ፔዳል ይዛችሁ ብረታ ብረት ቤት ሂዱ። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ በአራት ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አስበሱ፤ አጭር ብሎን ከሥር ወደ ላይ አስገቡና በዳዶ አጥብቁ። የዳዶውና የብሎኑ ጫፍ አንድ ላይ ሆነው ግሩም አድርገው ይይዛሉ። መልኩ ያስቃል፣ ሥራውን ይሠራል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በእርሱ ሄጃለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ችንካር ያለው ፔዳል ከእግራችሁ ሥር ቶሎ ባይሸሽም በሸሸ ቀን ግን ጨካኝ ነው። መጀመሪያ አካባቢ የኳስ ተጫዋቾች ጋምባሌ ከሱሪ ሥር ማድረግ አያሳፍርም።

4. ከፔዳሉ በፊት ጫማችሁን መርምሩ

ሰው ሁሉ ገንዘቡን ፔዳል ላይ ያወጣና በኮንጎ ጫማ ይረግጠዋል። ኮንጎ ለጭቃ የተፈጠረ ጫማ ነው፤ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፣ ዋጋውም ቅናሽ ነው፤ ነገር ግን ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ችንካር አይገባበትም። እግሩም በጫማው ውስጥ ራሱ ይዋኛል። ነጠላ ጫማ ጨርሶ አይነሣ። በረባሶ ከሁለቱም ይሻላል፤ የመኪና ጎማ በመሆኑ ችንካሩን ይይዛል፤ ጣቶችን ግን ለድንጋይና ለጉቶ አጋልጦ ይሰጣል።

የሚፈለገው ሶሉ ለስላሳ ጎማ የሆነ፣ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ግን እንደ ጨርቅ የማይታጠፍ ጫማ ነው። በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ሶሉን ጫን በሉት፤ ምልክቱ ለአፍታ ከቀረ ጎማው ለስላሳ ነው፤ ጥፍራችሁ ከተንሸራተተ ደረቅ ነው። ተራው ሸራ ጫማ ይህን ፈተና ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ጉድለቱ ሶሉ ስስ በመሆኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ ችንካሩ በውስጥ እግር ላይ መሰማቱ ነው። ወፍራም የካርቶን ወይም የቆዳ ገበር በውስጡ ካስገባችሁ ይታገሣል። የኳስ ታኬታ ተዉት፤ የታኬታው ጉብታና የፔዳሉ ችንካር አይስማሙም።

ክሩን ደግሞ አስራችሁ ትርፉን ወደ ውስጥ ክተቱት። በቀኝ በኩል የተንጠለጠለ የጫማ ክር ካቴና ሲበላው ምን እንደሚሆን በአንድ ጓደኛዬ ላይ አይቻለሁ፤ ብስክሌቱ ቆመ፣ እርሱ ግን ጉዞውን ቀጠለ።

5. እግርን ማስቀመጥ ተለማመዱ

ጠፍጣፋ ፔዳል የሚይዘው በችንካሩ ብቻ አይደለም፤ በአረጋገጣችሁም ነው። እግርን በጣቶች ጫፍ የማስቀመጥ ልማድ አለን። ከዚያ ይልቅ ከአውራ ጣት ሥር ያለው የእግር ጉብታ ከፔዳሉ ዘንግ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት እንዲያልፍ አድርጉ። የፔዳሉ መካከል ወደ እግራችሁ መካከል ይጠጋል፤ ሲንገጫገጭም አይሸሽም።

ቁልቁለት ላይ ሁለቱ ፔዳሎች በአንድ ከፍታ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ይቁሙ። ከኮርቻው ተነሡ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ተረከዛችሁን ወደ ታች ጣሉ። ምስጢሩ ተረከዙ ነው። ተረከዝ ሲወርድ፣ ጎማው ድንጋይ ሲመታ የሚመጣው ግፊት እግርን ወደ ፔዳሉ ይጨምረዋል እንጂ አይነቅለውም። ጣት ወደ ታች ከሆነ ግን ያው ግፊት ያንሸራትታችኋል። ከጅሬን ስወርድ የደረሰብኝ ይኸው ነበር፤ ጥፋቱን ለዓመታት በፔዳሉ ላይ እያላከክኩ ኖሬአለሁ።

ልምምዱን ሣር ሜዳ ላይ ጀምሩት። ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ፣ ሁለቱም እግሮች ፔዳል ላይ እንዳሉ፣ ከብስክሌቱ ጋር ለመዝለል ሞክሩ፤ ተረከዝ ጥላችሁ ተጫኑት፣ ከዚያ ጣቶቻችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ ፔዳሉን በእግራችሁ ወደ ኋላና ወደ ላይ ዛቁት። የኋላ ጎማው ከሣሩ ጥቂት ሲነሣ ያለ ምንም ማሰሪያ እግርና ፔዳል አንድ መሆናቸውን ትረዳላችሁ። እዚህ ላይ ከደረሳችሁ ምናልባት የሚቀጥለውን ክፍል ማንበብ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

6. ስለ ማሰሪያ

ባጭሩ፣ ከአስፋልት ውጪ እግርን ከፔዳል ጋር አትሰሩ። ድሮ የእሽቅድምድም ብስክሌቶች ፊት ለፊት የብረት ቀፎና የቆዳ ማሰሪያ ነበራቸው፤ ለመውረድ እጅን ዝቅ አድርጎ ማሰሪያውን ማላላት ያስፈልግ ነበር። በጭቃ መካከል እጅ ለዚያ አይደርስም። ያለ ማሰሪያ ጣትን ብቻ የሚይዝ ግማሽ ቀፎ ወደ አጋሮ በሚወስደው አስፋልት ላይ ይጠቅማል፤ ጫካ ውስጥ ግን ተገልብጦ ጉቶ ይለቅማል። በአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ እግራቸውን ከፔዳል ጋር የሚያስሩ ልጆች አይቻለሁ። ታናሽ ወንድማችሁ ቢሆን ቁራጩን ቁረጡበት።

7. ተቆላፊ ፔዳል ለሚፈልግ

ተቆላፊ ፔዳል ማለት በጫማ ሶል ሥር የታሰረ ትንሽ ብረት፣ ክሊት የሚባለው፣ በፔዳሉ ስፕሪንግ ውስጥ ቀጭ ብሎ የሚገባበት ነው። ለመግባት ወደ ታች መርገጥ፣ ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር። ሐሳቡ የመጣው ከበረዶ ሸርተቴ ጫማ ነው፤ የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ በ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለጎዳና ብስክሌት አወጣው፣ በማግስቱ ዓመት ብስክሌተኛው በርናር ኢኖ ታላቁን የፈረንሳይ ብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን በእርሱ አሸነፈበት። ለተራራ ብስክሌት የሚሆነውን፣ ትንሽ ክሊት ያለውን ኤስፒዲ የተባለውን ሥርዓት የጃፓኑ ኩባንያ ሺማኖ በፈረንጆቹ 1990 ይዞ መጣ።

ልዩነቱን እወቁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በፈረንጆቹ 2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን በቴሌቪዥን የተከታተልነው ሁሉ፣ እነዚያ ፔዳሎች የጎዳና ናቸው። ክሊታቸው ትልቅ ፕላስቲክ ነው፣ በሦስት ብሎን ይታሰራል፣ ከሶሉም ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ በእርሱ ጭቃ ላይ አሥር እርምጃ መራመድ አይቻልም። ለእኛ የሚሆነው ባለሁለት ብሎኑ ነው፤ ክሊቱ ሶሉ ውስጥ ጎድጎድ ባለ ቦታ ስለሚቀመጥ እንደ ማንኛውም ጫማ ያስኬዳል። ጫማ ስትገዙ ሶሉን ገልብጡና ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ረጃጅም ስንጥቆች ፈልጉ። እኔ የራሴን ሒርማታ ሐሙስ ገበያ ሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው ያገኘሁት፤ ሻጩ ስንጥቆቹን አሳይቶኝ "ትንሽ ተቀዷል" ብሎ ዋጋ ቀነሰልኝ።

ከዓይነቶቹ መካከል ኤስፒዲ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝና ጠንካራ ነው፤ ጭቃ ግን ይጨናነቅበታል። እንቁላል መምቻ የሚመስለው የክራንክ ብራዘርስ ፔዳል በአራት በኩል ስለሚያስገባና አካሉ ክፍት ስለሆነ ጭቃን ያፈሳል፤ ክሊቱ ነሐስ በመሆኑ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ኩሽኔታውም እንክብካቤ ይሻል። ታይም የሚባለውም በጭቃ የተመሰገነ ነው። እዚህ አገር ሁሉንም ከሱቅ ማግኘት ስለማይቻል፣ ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ሰው "ባለሁለት ብሎን ክሊት አብሮ እንዳለው አረጋግጥ" ብላችሁ ጻፉ። ከአንዱ ኩባንያ ክሊት ሌላው ፔዳል ውስጥ መግባቱን አትመኑ።

ጉልበት ይጨምራል የሚለውን ነገር ቀለል አድርጋችሁ ያዙት። ፔዳልን የሚያዞረው በአብዛኛው ወደ ታች የሚገፋው እግር ነው፤ በሚነሣው እግር ወደ ላይ መሳብ የሚያስገኘው ትርፍ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። የተቆላፊ ፔዳል እውነተኛ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ የኮብልስቶን መንገድ ሲያንቀጠቅጥ እግር ከቦታው አይነቃነቅም፤ ከኮርቻ ተነሥቶ ዳገት ሲወጣም እግር የት እንዳለ ማሰብ አያስፈልግም።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ጫማውን አድርጋችሁ ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ጉብታ በጣት ፈልጉና ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ክሊቱን ከምልክቱ ጥቂት፣ ማለትም ከአምስት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር፣ ወደ ተረከዝ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብሎኖቹን ግሪስ ቀቡ፤ ካልቀባችሁ በክረምት ዝገው አይፈቱም። በ4 ሚሊ ሜትር ባለስድስት ጎን ቁልፍ ተራ በተራ ጠበቅ አድርጉ። ከዚያ አጭር መንገድ ሂዱ። ጉልበታችሁን በጎን በኩል ካመማችሁ ክሊቱ ተጣሟል፤ አቅጣጫውን በትንሹ አስተካክሉ። ጉልበት ዝም ብሎ አይላመድም፤ ሕመሙን ቻሉት የሚላችሁን አትስሙ።

በፔዳሉ ላይ ስፕሪንጉን የሚያጠብቅ ትንሽ ብሎን ካለ፣ ወደ መላላቱ አቅጣጫ እስከ ዝቅተኛው ምልክት አዙሩት። ለጀማሪ የሚያስፈልገው መያዙ ሳይሆን መልቀቁ ነው። ሺማኖም ከአንድ አቅጣጫ በላይ የሚለቅ ሌላ ክሊት አለው፤ ለመለማመጃ እርሱን ብትጠይቁ ይሻላል።

ከዚያ ከግድግዳ ጋር ተጠግታችሁ፣ አንድ እጅ ግድግዳ ላይ፣ እያንዳንዱን እግር ሃምሳ ጊዜ አስገቡና አውጡ። ቀጥሎ ሣር ላይ። ጎማው ሳይቆም እግር መውጣት እንዳለበት ሰውነታችሁ እስኪያውቀው ድረስ ወደ መንገድ አትውጡ። እኔ ሣሩን ዘልዬ ነው የወጣሁት። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ከአንድ የቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ፣ አህያ ለማሳለፍ ቆምኩ። ብስክሌቱ ቆመ፤ እግሬ ግን ጭቃ በሞላው ስፕሪንግ ውስጥ እንደተያዘ ቀረ። እንደተቆረጠ ዛፍ በዝግታ ወደ ጎን ተጋደምኩ። ቡና የሚያገላብጡ እናት ሥራቸውን ትተው መጡና "ውይ የኔ ልጅ፣ እግርህን ከብረቱ ጋር ማን አሰረብህ?" አሉኝ። "ራሴ ነኝ እማማ" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህም ነው በጭቃ ቀን፣ በግንድ ድልድይ ላይ፣ እንዲሁም ሲመሽ በቦዬ ረግረግ ዳር ተቆላፊ ፔዳል የማልጠቀመው። ቦዬ ጉማሬ አለ፤ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። እግርን ለማስለቀቅ የሚያባክኑት ሰዓት አይደለም።

8. መግጠም

መሣሪያችሁ ባለ 15 ቁልፍ ነው፤ አንዳንዱ ፔዳል ግን ከኋላው በባለስድስት ጎን ቁልፍ፣ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር፣ ብቻ ነው የሚፈታው። ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ አድርጉት፤ ቁልፉ ቢያመልጥ ጣታችሁ ባዶ ጥርስ ላይ እንዳያርፍ።

ዋናው ነገር፦ የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። ይህ የፋብሪካ ስሕተት አይደለም፤ በምንረግጥበት ጊዜ ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ጫና ዘንጉን ቀስ በቀስ በተቃራኒ ስለሚያዞረው፣ ግራው እንደ ተራ ብሎን ቢሆን ኖሮ በመንገድ ላይ ራሱን ይፈታ ነበር። ለማስታወስ አንድ መንገድ ይበቃል፤ በሁለቱም በኩል ቁልፉን ከላይ ይዛችሁ ወደ ፊት ጎማው ካዞራችሁ ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ጎማው ካዞራችሁ ይላላል። በፔዳሉ ዘንግ ላይ በላቲን ፊደል አር የተጻፈበት የቀኝ፣ ኤል የተጻፈበት የግራ ነው።

ጥርሱን ጥረጉ፣ ግሪስ ቀቡ፣ መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገቡ። ሦስት ዙር በጣት ካልገባ አልተስማማም ማለት ነው፤ አውጡና እንደገና ጀምሩ። አንድ ጊዜ ብስክሌቴን ለጠጋኝ ሰጥቼ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ የቀኙ ፔዳል በግራው ክንድ ላይ ነበር፤ በመዶሻና በረጅም ቱቦ ተገፍቶ "ገብቷል"። ሳምንት ሳይሞላ ክንዱ ጥርሱን ጨርሶ ፔዳሉ እግሬ ሥር ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ፔዳሌን ራሴ ነው የምገጥመው፤ ቡናውንም ከዚያ በኋላ እጠጣለሁ።

ማጥበቂያው ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ለሌለው ሰው፣ ሃያ ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ ሃያ ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥብቁ። አልፈታ ላለው አሮጌ ፔዳል ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ቁልፉ ላይ ቱቦ አስገብታችሁ ረዘም አድርጉና ወደ ኋላ ጎማው አቅጣጫ ግፉ።

9. ከጭቃ በኋላ

ብስክሌቱን ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውኃ አታሳጥቡ። ያ ውኃ ጭቃውን ብቻ ሳይሆን የኩሽኔታውን ግሪስም ይዞ ይወጣል፤ በቦታው አሸዋ ይተካል። በባልዲና በብሩሽ እጠቡ። ጭቃው ደርቆ ሸክላ ከመሆኑ በፊት ከሆነ ስንጥር እንጨት ብቻ ይበቃል፤ እኔ ክሊት በማደርግበት ጊዜ አንድ ስንጥር ኪሴ አይጠፋም። ተቆላፊውን ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ስፕሪንጉ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት። የችንካር ፔዳል ፊት ላይ ግን ዘይት እንዳይነካው።

በየወሩ ፔዳሉን ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። ከተንቀጫቀጨ ፍቱት፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን በናፍጣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ አዲስ ግሪስ ሙሉ። ክሊቱም ጠርዙ ተበልቶ እግራችሁ ሳትፈልጉ መውጣት ከጀመረ ጊዜው አልፏል። ጥንድ ሆኖ ስለሚሸጥ ሁለቱንም አንድ ላይ ለውጡ።

እኔ አሁን ሁለት ጥንድ ፔዳል አለኝ። ከመጋቢት እስከ መስቀል ናይሎኑ ባለ ችንካር ይሠራል። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ፣ ለቀማው ካላጨናነቀው፣ በለጠ ወደሚባለው ጫካ ለሚደረግ ረዥም ጉዞ ብቻ ተቆላፊውን እገጥማለሁ። የተፈታውን ጥንድ ግሪስ ቀብቼ በጨርቅ እጠቀልላለሁ፤ የግራውን ለብቻ፣ የቀኙን ለብቻ፣ በጨርቁ ላይ "ግራ" እና "ቀኝ" ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌበት።